«ጨዋ ልጅ ነው» ስንል ነበር፣ ለካ ታሞ ነው

አራስ_ቤት
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:50

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም። እስከ ዛሬ የምታወሩትን ከዳር ሆኜ ሳነብ ነው የኖርኩት። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ታሪኩ ግን ይረዝማልና ታገሱኝ። ሰዓቱን አይታችሁ አትገረሙ፤ ለምን እንደማልተኛ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ወንድ ነው። ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃዬ ቀድሞ ፈሰሰ፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ። የመጀመሪያዋ ልጄ ሁለት ቀን አስምጣኝ ስለነበር «ገና ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል» ብዬ ቤቴ አደርኩ። ሆስፒታል የደረስኩት በማግስቱ ረፋድ፣ የወለድኩት ማታ። 2.9 ኪሎ፣ ሲወጣ አልቅሷል፣ ሁሉም ደህና ነው ተባልን። በማግስቱ ቤት ገባን።

ከዚያማ ያው ታውቁታላችሁ። ገንፎው፣ እልልታው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ። ልጁ ደግሞ አያለቅስም። እህቱ እኮ ጎረቤቱን ሁሉ እንቅልፍ ነስታ ነው ያደገችው፤ እሱ ግን ይተኛል፣ ይተኛል። የመጣው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። እኔም ኮራሁ። ለእህቴ ደውዬ «ይሄን እግዜር ሲክሰኝ ነው» ያልኳት ትዝ ሲለኝ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

በአራተኛው ቀን ጡት ይይዝና ሁለት ሦስቴ ስቦ ይተኛል። ውስጥ እግሩን ስንኮረኩረው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድነዋል። ሽንት ጨርቁ እንዳደረግሁለት ደረቅ ነው። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ብብቱ ሥር ሙቀቱን ለኩት፤ «ትኩሳት የለውም፣ የሆድ ጋዝ ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጡን። ቁጥሩ ስንት እንደነበር እንኳ አልጠየቅንም። ትኩሳት የለውም ከተባለ ሌላ ምን ይጠየቃል?

የዚያን ለሊት 9 ሰዓት ላይ ላጠባው አነሳሁት። ጡቴን ሲይዝ አፉ ቀዘቀዘኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ የሕፃን አፍ ውስጡ ትኩስ ነው አይደል? የሱ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ወዲያው እንደሳመኝ ሰው ነበር። አማቴን ቀሰቀስኳቸው። መብራት አብርተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ትንሿን ጣታቸውን አፉ ውስጥ አድርገው ጠበቁ። ከዚያ «አይስብም። ተነሺ ልበሺ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሙቀቱ 35.2 ነበር። ክብደቱ 2.5 ወርዷል። ትንፋሹ በደቂቃ 72፣ የደሙ ስኳርም ዝቅ ብሏል። ዶክተሯ እየሠራች ነው የምታወራን፤ «ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ ብለን ነው የምንጀምረው፣ ውጤት አንጠብቅም» አለችን። እጁ ላይ ሞከሩ፣ እግሩ ላይ ሞከሩ፣ ደም ሥሩ አልገኝ አለ። በመጨረሻ ከቀኝ ጆሮው በላይ ላጭተው መድኃኒት መስጫ ካኑላውን ጭንቅላቱ ላይ አደረጉለት። የተላጨውን ጸጉር በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እስካሁን አለ።

አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ጀመሩለት። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ በየ3 ሰዓቱ 5 ሲሲ ወተት በሲሪንጅ ይሰጠዋል። 5 ሲሲ ማለት የሻይ ማንኪያ ናት። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አልቤ አመጣለሁ፤ ነርሷ ለክታ የቀረውን ስትደፋው ነፍሴን የደፋችው ይመስለኝ ነበር። ሦስት ቀን ምንም ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀን የደም ካልቸሩ፣ ባክቴሪያው የሚለይበት ምርመራ፣ ውጤት መጣ፤ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ጀንታማይሲኑ አይነካውም። ሜሮፔነም ተጻፈ። እዚያ አልነበረም። ባለቤቴ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ውሎ ማታ ይዞ ሲመጣ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ብቻ ነው የታየኝ፣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

መድኃኒቱ በተቀየረ በሁለተኛው ቀን አለቀሰ። ካኑላ ሲቀየርለት ነው፣ ቀጭን ድምፅ። ዙሪያዬ ያሉ እናቶች ሁሉ ዞረው አዩኝና ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ። በድምሩ 17 ቀን ተኛን። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ፣ ባንድ በኩል የተላጨ ጭንቅላቱን ይዞ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ክብደት ጨምሯል። እኔ ግን ዝም ብሎ ሲተኛ አልችልም። በለሊት ስድስቴ ሰባቴ ቀስቅሼ ጣቴን አፉ ውስጥ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ አንቺ ልታሳምሚው ነው» ይለኛል። እንዲህ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ስንት ጊዜ ቆየባችሁ? ሌላው፣ ጀንታማይሲን ጆሮ ይጎዳል ያለኝ ሰው አለ። እውነት ነው?


የናቲ_አባት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ እህቴ። አማትሽን ሳሚልኝ።

የኛ የዛሬ 4 ዓመት ነው። በ33 ሳምንቱ ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል እያለ በ11ኛው ቀን ኢንፌክሽኑ ያዘው። ከወጣን በኋላ እኔ የማደርገው የስልኬን መብራት አብርቼ ሆዱን ማየት ነበር። አንድ ለሊት ትንፋሹ ቆመ። መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰባት ላይ ስደርስ እንደገና ጀመረ። አንድ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ባዶ፣ ታቅፌው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ተረኛዋ እግሬን አይታ ሳቀች። ሕፃናት ሲተኙ ለ5፣ ለ10 ሰከንድ ቆም እያሉ መተንፈሳቸው የተለመደ ነው፤ 20 ሰከንድ ከሞላው ወይ ከንፈሩ ከጠቆረ ያኔ ሩጥ አለችኝ። ከዚያ በኋላ መቁጠሬን አልተውኩም፣ ግን እስከ 20 መቁጠር ቻልኩ።

ስንት ጊዜ ቆየ ላልሽው፣ እኔ ጥርስ እስኪያወጣ አልተኛሁም። ሚስቴ ቀድማኝ ተወችው። ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ በነጠላ ታስረው ስለነበር ትንፋሹን ሳታየው ታውቀዋለች።


ጎንደሬዋ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:02

እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ይሄ ዓይን ነው። የመጣው ሁሉ «ጨዋ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ» እያለ ሲያደንቀው ምን ጠበቅሽ? አራስ ልጅ ለሰው አይገለጥም ነበር ድሮ። ጸበል አስጠምቂው፣ ክታብም ይሠራለት፣ ያኔ ትተኛለሽ። መርፌው ብቻውን አይበቃም።


ተረኛ_ነርስ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ከአዳር ወጥቼ ስለማነበው ከተደናበርኩ ይቅርታ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስሠራ 9 ዓመቴ ነው።

ጎንደሬዋ፣ ጸበሉን የምከለክል እኔ ማን ነኝ። አንድ ነገር ላይ ግን እንስማማለን፤ አራስ ቤት ሰው መብዛት የለበትም። አንቺ ዓይን ትያለሽ፣ እኔ እጅና ከንፈር እላለሁ። የሚስመው ይቅር፣ የሚነካው ይታጠብ። የቀረውን ለየብቻችን እናምናለን።

አራስ_ቤት፣ የጻፍሽው ውስጥ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ የሚለኝ «ትኩሳት የለውም» ያሉሽን ነው። ትልቅ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ይግላል። አዲስ የተወለደ ግን ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። 37.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው፤ ከ35.5 ካነሰም እኩል አደጋ ነው። ስለዚህ «ትኩሳት አለው ወይ» ሳይሆን «ቁጥሩ ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ መጥባት ሲያቆም፣ ሲነኩት ካልሆነ በራሱ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ አንዱ ብቻ ይበቃል፣ ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ። ትንፋሽ ስትቆጥሩ ደቂቃውን ሙሉ ቁጠሩ፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ሕፃን ላይ ያሳስታል። እትብቱ ዙሪያው ከቀላ ወይም መግል ካለው፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነም አሳዩ።

ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ከ18 ሰዓት በላይ ሲቆይ ኢንፌክሽን ወደ ልጁ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ክሌብሲየላ በእኛ አገር ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎችም ደጋግሞ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው፤ ከየት እንደያዘው ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርሽ አይችልም። ይሄን የምለው እናቶች ዓመት ሙሉ «ያ ለሊት ባላድር ኖሮ» እያሉ ራሳቸውን ሲበሉ ስለማይ ነው። ምጥ ባይመጣም ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወዲያው መሄድ ነው፣ ይሄን ለሚቀጥለው ያዢው።

ጆሮውን በተመለከተ፤ አዎ፣ ጀንታማይሲን አንዳንድ ልጅ ላይ መስማትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነው በክብደት ተሰልቶ፣ በቀን አንዴ ብቻ የሚሰጠው። የናንተ 3 ቀን ብቻ ወስዶ ነው የተቀየረለት። ቢሆንም ኢንፌክሽኑ ራሱም መስማትን ሊጎዳ ስለሚችል በመሣሪያ ይታይልሽ፤ በር ሲጋጭ ደነገጠ ብለሽ አትተዪው።

የመጨረሻው ስላንቺ ነው። እሱን ማየትሽ አያስገርምም። እሱ ተኝቶ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀው፣ አንቺ ግን እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ልብሽ የሚመታ፣ የሚያልብሽ ከሆነ ግን ለክትባት ስትሄጂ ንገሪያቸው። እሱም ሕመም ነው፣ ይታከማል።


ዳር_ቆሞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

እኔ ልጠይቅ ሲስተር። እኛን ከልጃችን ጀርባ ውሃ እንውሰድ ብለውን፣ የአባቴ ቤተሰብ «ሽባ ይሆናል» ብሎ ሲጮህብን ፈርመን እምቢ አልን። ከዚያ 21 ቀን መርፌ ተወጋ። አጠገባችን የነበረው ልጅ በ10 ቀኑ ወጣ። ቂም ነው የተያዘብን ወይስ እንዲሁ ነው አሠራሩ?


ተረኛ_ነርስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ቂም አይደለም ወንድሜ። ውሃው የሚወሰደው ኢንፌክሽኑ ማጅራት ገትር ሆኗል ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። ደም ውስጥ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል፤ አንጎል ሽፋን ጋ ከደረሰ እንደ ባክቴሪያው ዓይነት እስከ 21 ቀንና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሳያዩት ቢገምቱ ወደ ረጅሙ ነው የሚገምቱት። መርፌው የሚገባው ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። ሽባ ሆኖ ያያችሁት ልጅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽባ ያደረገው መርፌው ሳይሆን ሕመሙ ነው፤ ውሃውም የተወሰደለት በጣም ታሞ ስለነበር ነው።


ዳር_ቆሞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:14

11 ተጨማሪ ቀን በአክስቶቼ ምክር ማለት ነው እንግዲህ። ለነሱ አላነብላቸውም።


ቃል_ከሲልቨርስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከለሊቱ 6:20

ከአሜሪካ ነኝ። እዚህ በ36ኛው ወይ በ37ኛው ሳምንት በጥጥ ናሙና ይወስዱና ግሩፕ ቢ ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ አለሽ ወይ ብለው ያያሉ። ከአራት እርጉዞች አንዷ ትይዘዋለች ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለእናትየው ምንም አይሆናትም። እኔ ተገኘብኝ። ምጥ ስገባ ፔኒሲሊን በደም ሥሬ ይሰጡኛል ተብሎ ነበር። ልጄ ግን ቸኩላ መኪና ውስጥ ልትወለድ ምንም አልቀራትም፣ መድኃኒቱ ገና ሳይሠራ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ በየ4 ሰዓቱ መጥተው ያዩአት ነበር። በ20ኛው ሰዓት ማቃሰት ጀመረች። «ኧረ ድመት ይመስላል ድምጿ» ብዬ እናቴን በቪዲዮ ሳሳያት ነርሷ ገባች፣ አንድ ሰከንድ ሰማችና ይዛት ሄደች።

ሳነብሽ የገረመኝ፣ ያንቺ አማትና ያቺ ነርስ አንድ ዓይነት ሰው መሆናቸው ነው። አይከራከሩም፣ ይነሣሉ።

እኔ በካልሲ ላይ የሚደረግ የልብ ምት መቁጠሪያ ገዝቼ ነበር። ሕፃኗ እግሯን ባወራጨች ቁጥር ይጮሃል። በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልመክርሽም፣ ያበደን ሰው ይበልጥ ያሳብዳል።


ጤና_ኤክስቴንሽን_ወሎ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:45

እናንተ ከተማ ናችሁ፣ ሐኪም ቤት በ20 ደቂቃ ትደርሳላችሁ። እኔ ካለሁበት ቀበሌ ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ ሰው ቃሬዛ መሸከም አለበት፣ ከዚያ መኪና መገኘት አለበት።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው አሠራር፣ ሪፈር ብለን ቤተሰቡ መሄድ ካልቻለ ጤና ኬላ ላይ እኛው ለ7 ቀን ጀንታማይሲን በመርፌ እንወጋለን፣ አሞክሲሲሊን በአፍ እንሰጣለን። ሆስፒታሉን ይተካል አላልኩም። ግን መንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላል።

ችግሬ መድኃኒቱ አይደለም፣ ልጁን ማየት ነው። ጎንደሬዋ የጻፈችውን ዓይነት ነገር በየቤቱ ነው የምሰማው። በሦስተኛው ቀን እሄዳለሁ፤ አራሷ ከመጋረጃ ጀርባ ናት፣ ልጁ በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ ፊቱ ተሸፍኗል። «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይሉኛል። ተኝቷል! ስንቱን ተኝቷል ተብዬ ተመልሼ ሄጃለሁ መሰላችሁ። አሁን ዘዴ ለመድኩ። «ግለጡልኝ» አልልም። ቡና ካልጠጣሁ አልሄድም እላለሁ። ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ልጁ መጥባት አለበት፤ እናትየዋን «በይ አጥቢው፣ እኔ ዞር እላለሁ» እላታለሁ። ዞር ብዬ ድምፁን እሰማለሁ። የሚጠባ ልጅ ይውጣል፣ ሲውጥ ይሰማል። ካልተሰማ ያኔ ጋቢውን ራሴ እገልጣለሁ፣ ቢቆጡም ይቆጡ።

እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ደግሞ በፊት ከነበረው ቀንሷል። ጀርም የሚገድለውን ጄል፣ ክሎርሄክሲዲኑን፣ ስንሰጣቸው ይቀባሉ። አንዳንዷ አያት ጄሉን ቀብታ ከላዩ ቅቤውን ትደርብበታለች፣ ሁለቱንም ለማስደሰት።


ስም_የለኝም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

የኔ በ9ኛ ቀኗ አረፈች። 2011 ላይ ነው። እኔም ጨዋ ናት ብዬ ነበር።

በዚያው ዓመት የተካሄደው የጤና ጥናት ላይ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ የሚል አንብቤ፣ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየሁት። ከ33ቱ አንዷ የኔ ናት ብሎ ማሰብ እንግዳ ነገር ነው።

አራስ_ቤት፣ ቀስቅሺው። ማንም ምንም ቢልሽ። ከእሷ በኋላ የመጣውን ወንድሟን ዓመት እስኪሞላው ቀስቅሻለሁ፣ ምንም አልሆነም። አሁን እኔ ስጠራው እንኳ አይነሣም።


ጎንደሬዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ቅድም የጻፍኩት አንቺን ካስከፋሽ ይቅርታ። እኔም አንድ አለኝ፣ አልጻፍኩትም እንጂ። ያኔ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልነበረንም፣ ዓይን ነው ያሉኝን ይዤ ቀረሁ።


ስም_የለኝም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:33

አልከፋኝም እማማ። እርስዎንም ያጽናዎት።


አራስ_ቤት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2:20

መልሳችሁን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። የስም_የለኝምን ግን ማንበብ አቅቶኝ ስልኩን ሰጠሁት። ካነበበ በኋላ «ቀስቅሺው» ብሎኝ ወጣ።

ለክትባት የሄድኩ ዕለት ሲስተር ያለችኝን ነገርኳቸው፣ ስለ ልቤም ስለ ላቡም። ከአንዲት ባለሙያ ጋር አገናኙኝ፣ ሐሙስ እመለሳለሁ። የጆሮውም ቀጠሮ ተይዟል። አማቴ ቡና ሲወቅጡ በዘነዘናው ድምፅ በደነገጠ ቁጥር «ይኸው ሰማ!» ይሉኛል፤ በመሣሪያ ነው የሚታየው ብላቸውም ወቀጣውን ጨምረውበታል።

ትናንት ከአማቴ ጋር ተስማማን። እስከ ለሊቱ 8 እሳቸው ጣታቸውን አጥበው ያዩታል፣ ከ8 በኋላ እኔ። 3 ሰዓት ላይ ተኛሁ። ስነቃ 8:40 ነው፤ አፉን የከፈተው ልጅ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ግድግዳ ደበደቡ። እህቱም ነቅታ ታለቅሳለች። አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ታቅፈውት፣ ጭራሽ ሳያባብሉት፣ «አይ፣ ጨዋነቱን እዚያው ሆስፒታል ትቶት መጥቷል» አሉኝ።